በርሜሉም ጉድጓዱም አይሆንም፦ የአንድ ክሊኒክ የመርፌና የመድኃኒት ቆሻሻ ጥያቄ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ቱሉ ዲምቱ አካባቢ መካከለኛ ክሊኒክ አለን። በሳምንት ስድስት ቀን እንሠራለን፤ በቀን ወደ 40 መርፌ እንወጋለን። ትንሽ ላቦራቶሪና የቁስል ማጠቢያ ክፍልም አለን። ማዋለድ የለም። ቆሻሻችን በሳምንት አራት ማዳበሪያ ይሞላል። እስካሁን መርፌውን በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈን፣ ከዚያ ሁሉንም ጓሮ ባለው በርሜል በነጭ ጋዝ ስናቃጥል ነበር። አሁን አካባቢው ሰው ገብቶበታል፤ ጎረቤት በጭሱ ምክንያት ወረዳ ድረስ ሄዶ ከሰሰን። ሦስት ሐሳብ አለን። ጉድጓድ ቆፍረን እንቅበረው? በበረኪና አጽድተን ለቆሻሻ አንሺ ማኅበሩ እንስጥ? ወይስ ትንሽ የጡብ ማቃጠያ እንሥራ? ጊዜ ያለፈባቸው ሁለት ካርቶን መድኃኒቶችም አሉን። ሽንት ቤት ብንጨምራቸውስ?»

ሦስቱም አይሆኑም። መድኃኒቱንም ሽንት ቤት አትጨምሩት። ለእናንተ የሚሆነው ቆሻሻውን እዚያው በሚወጣበት ክፍል መለየት፣ መርፌውን በሴፍቲ ቦክስ (መርፌ በማይበሳው ሣጥን) ማሸግ፣ ከዚያም በትክክል የሚሠራ ማቃጠያ ወይም የቆሻሻ አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ተሐዋሲያንን የሚገድል ማሽን) ካለው ተቋም ጋር በጽሑፍ መዋዋል ነው። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ እንየው።

ከበረኪናው እንጀምር። ሱቅ የሚሸጠው በረኪና ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ክሎሪን እንዳለው ይጻፍበታል። አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውኃ ሲበጠበጥ 0.5 በመቶ ይሆናል። ወለል ላይ ለፈሰሰ ደም፣ ለአልጋና ለጠረጴዛ ይህ ጥሩ ነው። ለመርፌ ግን አይረባም። የመርፌው ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ ውስጡ ደም ረግቶበታል፤ ፈሳሹ እዚያ ድረስ ዘልቆ አይገባም። ክሎሪን ደግሞ ደምና ቆሻሻ ሲያገኝ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። ጠዋት የተበጠበጠው ባልዲ ከሰዓት በኋላ ከተራ ውኃ ብዙም አይለይም።

የባልዲው ትልቁ ጣጣ ሌላ ነው። ማታ ላይ ያንን የደፈረሰ ውኃ ማን ይደፋዋል? የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ሳህን በምታጥብበት ስስ ጓንት ወይም ያለ ጓንት እጇን ትከታለች፤ የማይታያትን መርፌ በዳበሳ ትለቅማለች። ሐኪሙ አንድ ጊዜ የነካውን መርፌ እሷ ሦስት አራት ጊዜ ትነካዋለች። «ለጥንቃቄ» ተብሎ የተጀመረው ልማድ አደጋውን ከሁሉም ያነሰ ሥልጠና ወዳገኘችው ሰው ያሻግረዋል። ከነገ ጀምሮ መዘፍዘፉን ተዉት።

በዚያ ላይ በክሎሪን የራሰ ቆሻሻ ሲቃጠል ጭሱ ይብሳል። ብዙ የጉሉኮስ መስመሮችና የሽንት ቱቦዎች የሚሠሩት ክሎሪን ካለበት ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ይህ ፕላስቲክ በዝቅተኛ ሙቀት ሲነድ ዳዮክሲንና ፊውራን የሚባሉ መርዞች ይወጣሉ። በተለይ ጭሱ ከ200 እስከ 450 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ በብዛት ይፈጠራሉ። አፈርና ሣር ላይ ያርፋሉ፤ ከዚያ በላምና በዶሮ አድርገው በወተትና በእንቁላል ወደ ሰው ይመለሳሉ። ሰውነት በቶሎ አያስወግዳቸውም። እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት ሊያስቀራቸው ከተነሣባቸው ነገሮች መካከል እነዚህ ሁለቱ አሉበት። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት።

የሕክምና ቆሻሻ ማቃጠያ ሁለት ክፍል ሊኖረው ይገባል። አንደኛው ቆሻሻውን ያነዳል። ሁለተኛው ጭሱን ራሱን ከ850 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቢያንስ ለሁለት ሰከንድ ያቃጥላል። በርሜል ይህን አያደርግም። መሐሉ ይግላል፣ ጠርዙ ይቀዘቅዛል፣ እርጥብ ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ሲገባበት ይጨሳል። ስለዚህ ጎረቤቶቻችሁ ልክ ናቸው። «እሳት ሁሉን ያጠፋል» የሚለውንም እርሱት። የመርፌ ብረት እስኪቀልጥ 1,400 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ደህና ማቃጠያ እንኳ ተሐዋሲያኑን ይገድላል እንጂ መርፌውን አያጠፋውም፤ አመዱ ውስጥ እንደ ሾለ ይቀመጣል።

ወደ ጉድጓዱ እንሂድ። ራቅ ያለ ገጠር፣ ውኃው ጥልቅ በሆነበት መሬት፣ በሲሚንቶ ቀለበት የተሠራና የተከደነ የስለት ጉድጓድ ተቀባይነት ያለው መፍትሔ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከውኃ ምንጭ ቢያንስ 50 ሜትር መራቅን፣ የጉድጓዱ ወለልም ከከርሰ ምድር ውኃው ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ ማለትን ይጠይቃል። እናንተ ያላችሁበት ቦታ ግን ከአቃቂ ወዲህ ነው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ትልቅ ድርሻ የሚቀዳው ከአቃቂ የጉድጓድ ውኃ መስክ ነው። በአካባቢው ያለው ጥቁር ኮትቻ አፈር ደግሞ ክረምት ላይ ያብጣል፤ በጋ ላይ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ያልተገነባ ጉድጓድ በሁለት ክረምት ግድግዳው ይናዳል፤ በስንጥቁም ፍሳሹ መንገድ ያገኛል። ሌላው ነገር የመሬቱ ዕጣ ነው። ዛሬ ጓሮ የሆነው ቦታ ነገ የኮንዶሚኒየም መሠረት ይቆፈርበታል። የቀን ሠራተኛ በአካፋ ሲዝቀው የማን መርፌ እንደሆነ አያውቅም። በተከራዩት ግቢ ውስጥ የሚቀብሩ ክሊኒኮችም አሉ። ሲለቁ ለባለቤቱ ምን ትተውለት እንደሚሄዱ አንድም ቀን ያሰቡበት አይመስለኝም።

የጡብ ማቃጠያው ከበርሜል ይሻላል። ደ ሞንትፎርት የሚባለው ዓይነት በብዙ ጤና ጣቢያዎች ተሠርቷል፤ በደንብ ሲያዝ ይሠራል። «በደንብ ሲያዝ» የምትለዋን ያዙልኝ። እሳት የሚችል ጡብ ይፈልጋል። ቆሻሻው ከመግባቱ በፊት በእንጨት ወይም በነዳጅ መጋል አለበት። የሠለጠነ ሠራተኛ ከጎኑ ሆኖ ጥቂት በጥቂት ይመግበዋል። ረጅም ጭስ ማውጫ፣ የአመድ ጉድጓድ፣ በየጊዜው እድሳት ይጠይቃል። በርካታ ግቢዎች ውስጥ በሩ ወልቆ፣ ጭስ ማውጫው ዝጎ ተበልቶ፣ ጡቡ ተሰንጥቆ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ያም ሆኖ ሲጨስ ይውላል፤ ከበርሜሉ ጋር ልዩነቱ ቅርጹ ብቻ ይሆናል። እናንተ ደግሞ ዙሪያችሁን ቤት ነው። በሳምንት ለሚወጣ ጥቂት ሣጥን ብላችሁ ገንዘብ አታፍስሱበት። ፈቃዱንም የምታገኙ አይመስለኝም።

«ጥቂት ሣጥን» ያልኩት ሒሳቡን ሠርቼ ነው። በቀን 40 መርፌ፣ በስድስት ቀን 240 ይሆናል። ባለ 5 ሊትሩ ሴፍቲ ቦክስ ወደ 100 ስሪንጅ ከነመርፌው ይይዛል። በሳምንት ሁለት ሣጥን ሞልቶ ሦስተኛው ይጋመሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ታዲያ አራት ማዳበሪያው ከየት መጣ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋም ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶው ከቤት ቆሻሻ የማይለይ ነው፦ ካርቶን፣ ወረቀት፣ የመድኃኒት መጠቅለያ፣ የምሳ ትርፍራፊ፣ የግቢ ጥራጊ። አደገኛው 15 በመቶ ያህል ነው። አንድ የደም ጎዝ ካርቶኑ ውስጥ ሲገባ ግን ሙሉ ማዳበሪያው አደገኛ ይሆናል። ከዚያ ሁሉንም ማቃጠል ግድ ይሆንባችኋል።

መለየቱ የሚጀምረው ከማዳበሪያው አይደለም፤ ከወጊው እጅ ነው። መርፌው ከታካሚው ክንድ ሲወጣ ክዳኑ አይመለስበትም። አይታጠፍም። ከስሪንጁ አይነቀልም። ነርሷ ሳትዞርና ሳትራመድ፣ ክንዷን ዘርግታ እንዳለ ሣጥኑ ውስጥ ትጥለዋለች። ስለዚህ ሣጥኑ መሆን ያለበት በምትወጋበት እጇ በኩል፣ ክንድ በሚደርስበት ቦታ፣ በወገብ ቁመት ላይ ነው። ኮሪደር ላይ ወይም አልጋ ሥር ከተቀመጠ አትጠቀምበትም። «ኋላ እጥለዋለሁ» ብላ ትሪው ላይ ታኖረዋለች፤ ያቺ «ኋላ» ናት ሰው የምትወጋው። ሣጥኑ ሦስት አራተኛው ላይ ሲደርስ ይዘጋል። አይጨቆንም፤ አይገለበጥም፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሥራ ላይ አይውልም። «ገና ቦታ አለው» ብለው በእጃቸው የሚጠቀጥቁ ባለሙያዎችን ስታዩ ዝም አትበሉ።

ደም የነካው ጎዝ፣ ጥጥ፣ ጓንትና ቱቦ በቢጫ ፌስታል ይገባል። ካርቶንና ወረቀቱ በጥቁር። ሁለቱ ባልዲዎች ጎን ለጎን ይቀመጡ። ቢጫው ብቻውን ካለ ሁሉም እዚያ ይጣላል። ቢጫውን ከ48 ሰዓት በላይ አታሳድሩት፤ ይሸታል፤ ዝንብና አይጥ ይጠራል። የታሸገ ሴፍቲ ቦክስ ግን አይበሰብስም። በተቆለፈ ደረቅ ክፍል ውስጥ መኪና እስኪመጣለት ሊቆይ ይችላል። ይህ ልዩነት ለውላችሁ ይጠቅማችኋል፤ ለቢጫው ቶሎ ቶሎ መምጣት አለባቸው፤ ሣጥኑ ግን መጠበቅ ይችላል።

ቆሻሻ አንሺ ማኅበሩ መውሰድ ያለበት ጥቁሩን ብቻ ነው። ልጆቹ ጋሪ እየገፉ ቤት ለቤት ሲዞሩ ማዳበሪያውን አቅፈው ነው የሚያነሡት። ፕላስቲኩንም እየለዩ ይሸጣሉ። ከዚያ ወደ ረጲ፣ ቆሼ ወደሚባለው የከተማው ቆሻሻ መጣያ፣ የሚሄድ አለ፤ እዚያም የሚለቅም ሰው አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ሲናድ ከ110 በላይ ሰው አልቋል። ከሟቾቹ ውስጥ ኑሯቸውን እዚያው ያደረጉ ነበሩ። የእኛ መርፌ መጨረሻው እንዲህ ያለ ቦታ የሚውል ሰው እጅ ላይ ነው።

የጉሉኮስ ላስቲክና ብልቃጥ ደግሞ ለቆራሌው አይሸጥም። ባዶ ስለሆነ ንጹሕ ይመስላል። በግቢው የምትሠራ ልጅ ለሻይ ያህል ብላ ብትሸጠው የሚፈረድባት እሷ አይደለችም፤ ሳይቆልፍ የተወው ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ዘይትና ላምባ ሲቀዳበት አይተናል። ከመጣሉ በፊት ቅደዱት።

አሁን ዋናው ነገር፣ ውሉ። መጀመሪያ ፈቃድ የሰጣችሁን አካል ጠይቁ። እናንተ ያላችሁበት አካባቢ የአዲስ አበባና የሸገር ከተማ ወሰን የሚነካካበት ነው፤ የምትሄዱበትን ቢሮ የሚወስነው ፈቃዳችሁ ነው። የጤና ጽሕፈት ቤቱ የትኛው ተቋም የሌላውን ቆሻሻ እንደሚቀበል ይነግራችኋል። ከዚያ ራሳችሁ ሂዱና እዩት። ማቃጠያው ሲሠራ እዩት እንጂ ቆሞ አትዩት። ነዳጅ አለው? ሠራተኛው ማን ነው? አመዱ የት ይሄዳል? ሲበላሽ ምን ያደርጋሉ? ይህን ጥያቄ ስትጠይቁ የሚቆጣ ካለ ሌላ ፈልጉ።

የቃል ስምምነት አይበቃም። በየጊዜው ስንት ሣጥንና ስንት ኪሎ እንዳስረከባችሁ የሚያሳይ፣ ሁለቱም የሚፈርሙበት ቅጽ ይኑር፤ ኮፒው ከእናንተ ጋር ይቀመጥ። አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥቷል፤ ማጓጓዙም ማስወገዱም ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። «እኔ ሰጥቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ አላውቅም» የሚባል ነገር የለም። ባጃጅ ኋላ ጭናችሁ ከተሳፋሪ ጋር አትላኩት። ዝግ የሆነ፣ ሊታጠብ የሚችል መኪና ያስፈልጋል። ለአንድ ክሊኒክ ውድ ነው፤ እውነት ነው። አካባቢው ላይ ግን ክሊኒክና የጥርስ ሕክምና ሞልቷል። አራት አምስት ሆናችሁ አንድ መኪና፣ አንድ የተወሰነ ቀን ብትይዙ ዋጋው ይከፋፈላል። የእኔ ምክር ይኸው ነው፤ ሌላውን ሐሳብ ሁሉ ተዉትና እዚህ ላይ ጊዜያችሁን አጥፉ።

ገደብ እንዳለውም ላስታውሳችሁ። አቅራቢያችሁ ያለው ሆስፒታል የራሱንም ማቃጠል አቅቶት ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ቢጫውን ለማከም አውቶክሌቭ ሁለተኛው መንገድ ነው። በ121 ዲግሪ፣ ሙቀቱ ላይ ከደረሰ በኋላ 30 ደቂቃ። መሣሪያ ከምትቀቅሉበት የተለየ መሆን አለበት፤ ሙቀቱ መድረሱን የሚያሳይ ጠቋሚ ወረቀትም በየዙሩ ይገባል። ከዚያ በኋላ ጎዙ ከተራው ቆሻሻ ጋር ሊሄድ ይችላል። መርፌ ግን ከአውቶክሌቭ ቢወጣም መውጋቱን አይተውም፤ ስለዚህ ሣጥኑ እንደ ታሸገ ይቆይ።

ወደ ሁለቱ ካርቶን መድኃኒቶች። ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ሽንት ቤት ሲገባ በሴፕቲክ ታንኩ ያሉትን ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያደርጋል፤ ፍሳሹም ወንዝ ይገባል። የአቃቂን ወንዝ ሌላ ሸክም አትጨምሩበት። ከሚሸጠው ለይታችሁ በተቆለፈ ቦታ አስቀምጡ፤ በላዩ «ጊዜው ያለፈበት፣ አይሸጥም» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። የእያንዳንዱን ስም፣ የባች ቁጥር፣ ብዛትና ጊዜው ያለፈበትን ቀን መዝግቡ። ዝርዝሩን ይዛችሁ ለተቆጣጣሪው አካል አመልክቱ፤ የሚወገደው ተቆጣጣሪ ባለበት ነው፤ ማስረጃም ይሰጣችኋል። ለብቻችሁ አውጥታችሁ ብትጥሉት ለቀጣዩ ኦዲት መልስ አይኖራችሁም። ከዚያም በላይ ከገንዳ የተለቀመ መድኃኒት ጉልት ላይ ሊሸጥ ይችላል። የካንሰር መድኃኒት ካለ ለብቻው ይሁን፤ ከ1,200 ዲግሪ በታች አይቃጠልም። የአስም መንፊያም እሳት አይግባ፤ ይፈነዳል።

የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ካላችሁ አታቃጥሉት፤ የተሰበረውንም በመጥረጊያ አትጥረጉት። በወረቀት ሰብስባችሁ ክዳን ያለው ብልቃጥ ውስጥ አድርጉ፤ ዲጂታል ግዙ። የላቦራቶሪውን ሽንት ወደ ሽንት ቤት በቀስታ መድፋት ይቻላል፤ ዕቃው ግን ቢጫ ውስጥ ይገባል።

ሰው በመርፌ ቢወጋስ? ብዙዎች የሚፈሩት ኤች አይ ቪን ብቻ ነው። ቫይረሱ ካለበት ሰው ደም በአንድ ጊዜ መወጋት የመያዝ ዕድሉ በኤች አይ ቪ ከሺህ 3 ያህል ነው። በሄፓታይተስ ሲ ከመቶ 2 አይሞላም። በሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ክትባት ያለው ደግሞ ለዚሁ ለቢ ነው፦ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ወረፋውን ከሐኪሙ አትጀምሩ፤ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጀምሩ። የተወጋ ሰው ቦታውን በሳሙናና በውኃ ይታጠብ። አይጭመቀው፤ በረኪናም አያፍስበት። ከዚያ ወዲያው፣ በሰዓታት ውስጥ፣ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ወደሚሰጥበት ተቋም ይሂድ። ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጠውም፤ ከጀመረ 28 ቀን ይወስዳል።

በመጨረሻም የበርሜሉ ነገር። ሥሩ ያለው አመድ ውስጥ ሳይቀልጡ የቀሩ መርፌዎች አሉ። ለክረምቱ ጭቃ መደልደያ ብላችሁ ግቢው ላይ እንዳትበትኑት። ወፍራም የቆዳ ጓንትና ቦት ጫማ ያደረገ ሰው በአካፋ ብቻ ይንካው። አመዱ እዚያው በርሜሉ ውስጥ ይቆይ፤ ከሦስት አራተኛው በላይ ከሆነ ትርፉን ሌላ ጠንካራ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጉት። ሲሚንቶና ኖራ አቅጥናችሁ አፍስሱበት፤ ሲደርቅ በክዳን አሽጉት። የት እንደሚያርፍ ከአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱ ጋር ተነጋገሩ። እስከዚያ ድረስ መድኃኒቶቹ ባሉበት ክፍል፣ በዚያው ቁልፍ ይቀመጥ።